ካሴት ላይ መቅዳት ለሚማሩ ልጆች

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። እዚሁ ጎንደር አስተማሪ ነኝ። በትምህርት ቤታችን የሙዚቃ ክበብ ውስጥ 8 ልጆች አሉኝ። ማሲንቆ፣ ክራርና ከበሮ አለን። በቅርቡ አንድ ዘመዴ ከውጭ ሲመጣ በካሴት የሚሠራ ባለ 4 ትራክ መቅጃ አመጣልኝ፤ አራት ድምፅ በአንድ ክር ላይ ጎን ለጎን ለየብቻ የሚይዝ ነው። ልጆቹ ካሴት በእጃቸው ነክተው አያውቁም። ከየት ልጀምር? አንዱ ተማሪዬ ደግሞ «ስልኬ ከዚህ የጠራ ይቀዳል፤ ይሄ ምን ያደርግልናል?» አለኝ። መልስ አጣሁለት።

መልስ፦ መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ደስ አለኝ።

ከልጁ ልነሳ። ልጁ እውነቱን ነው። ስልኩ የጠራ ይቀዳል። ፊሊፕስ በ1963 እ.ኤ.አ. ካሴትን ሲያወጣ ለንግግር መቅጃ ነበር ያሰበው። የካሴት ክር ስፋቱ 4 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ የሚሄደውም በሰከንድ 4.76 ሴንቲ ሜትር ነው። የስቱዲዮ ትልልቅ ሪሎች (የክር ጥቅልሎች) በሰከንድ 38 ሴንቲ ሜትር ይሮጡ ነበር። ክሩ በፈጠነ ቁጥር ቀጭኑ ድምፅ በደንብ ይያዛል። ስለዚህ ከጥራት አንፃር ልጁን ለማሳመን አይድከሙ።

ግን አንድ ነገር ይጠይቁልኝ። ስልኩ ላይ የቀዳውን እስከ መጨረሻው ሰምቶት ያውቃል? እኔ ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ የሚመጡ ልጆች ነበሩ። በስልክ አሥር ጊዜ ይቀዳሉ፤ አንዱንም አይጨርሱትም። ካሴት ላይ ግን መልሶ ማጠንጠን አለ። ክሩ እስኪመለስ ድረስ ክፍሉ ዝም ይላል። ከዚያ ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ይሰማል። «ከበሮው ቀድሞ ገባ።» «አይደለም፣ አንቺ ነሽ የዘገየሽው።» እንዲህ መባባል ሲጀምሩ ትምህርቱ ተጀመረ ማለት ነው። እኔ ካሴትን የምወደው ለዚህ ነው።

በመጀመሪያው ቀን አራቱን ትራክ ይርሱት። አንድ ማይክ፣ አንድ ትራክ ይበቃል። ወንበሮቹን ያውጡ። ማይኩን መሀል በደረት ከፍታ ያቁሙት። ማሲንቆውን ሁለት ክንድ ያህል ያርቁት። በጣም ከተጠጋ የደጋኑ ፍጭት ከዜማው በላይ ይሰማል። ከበሮው በሩ ጋ ይሂድ። አንድ ደቂቃ ይቅዱ፣ ያጠንጥኑ፣ ይስሙ። ዘፋኟ ከበለጠች ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ትበል። ክራሩ ከጠፋ ይቅረብ። ሁሉም ልክ ሲሆን እግራቸው የቆመበትን በጠመኔ ያስምሩ። የእኔ ሳሎን ወለል ያን ክረምት በነጭ መስመር ተሞልቶ ነበር። በ1969 እ.ኤ.አ. አምሃ እሸቴ የሸክላ አሳታሚውን አምሃ ሪከርድስን ሲጀምር የወጡት ሸክላዎች ብዙዎቹ ሙዚቀኞቹ ባንድ ክፍል አብረው ሲጫወቱ የተቀዱ ናቸው። ያ ትንፋሽ እስከ ዛሬ ይሰማል።

የክፍሉን ነገር አደራ። ቆርቆሮ ጣሪያ ከሆነ ሐምሌ ላይ ዝናቡ ማሲንቆውን ይውጠዋል። ባዶ ግድግዳ ላይ ጋቢና ብርድ ልብስ ይስቀሉ። ባጃጅ የሚበዛበትን ሰዓትም እርስዎ ያውቁታል።

ስለ ድምፅ መጠን፦ ስልክ ላይ መጠኑ ካለፈ ድምፁ ይሰነጠቃል፣ አለቀ። ክር ላይ ግን የድምፅ መጠን የምታሳየው መብራት ቀይ ነካ ብታደርግ ድምፁ ይወፍራል እንጂ ወዲያው አይበላሽም። በጣም ከቀነሳችሁ ደግሞ የክሩ ሽሽታ፣ ያ «ሽሽ» የሚለው ድምፅ፣ ይበልጣል። እንግዲህ ልጆቹ ቀዩን ከመጠን በላይ አይፍሩት።

አሁን ወደ አራቱ ትራክ። ከበሮውን አንደኛው፣ ክራሩን ሁለተኛው፣ ማሲንቆውን ሦስተኛው ላይ ቀዱ እንበል። ሦስቱን ቀላቅላችሁ ወደ አራተኛው ታሸጋግራላችሁ። አንደኛው፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ለዘፋኝና ለተቀባዮች ነፃ ሆኑ። ግን ላያቸው ላይ ከተቀዳ በኋላ መመለስ የለም። «ከበሮውን ትንሽ ቀንስልኝ» ቢባል አይቻልም። ስለዚህ ከመሸጋገሩ በፊት ልጆቹ ቁጭ ብለው ይከራከሩ። እርስዎ አይፍረዱላቸው፤ ራሳቸው ይወስኑ። ሌላው፣ ድምፅ በተሸጋገረ ቁጥር ሽሽታው ይጨምራል። እኔ በወጣትነቴ ፒያሳ ካሴት ቤት ውስጥ ኮፒ አደርግ ነበር። የኮፒ ኮፒ ሲሆን ዘፋኙ ከወንፊት ጀርባ የቆመ ይመስላል። ደንበኛም ያውቅ ነበር፤ «ከማስተሩ (ከዋናው ቅጂ) ቅዳልኝ» ይላል። ጥርት ብሎ እንዲሰማ የምትፈልጉትን መጨረሻ ቅዱት።

የላስቲክ ቺንጋው ያረጀ ከሆነ ፍጥነቱ ይዋዥቃል፤ ዜማውም ይጎተታል። ኦርጋን ካላችሁ ያስቸግራል። ማሲንቆና ክራር ግን ለዘፋኙ ድምፅ የሚቃኙ ናቸውና ለክሩም ይቃኛሉ። ድምፁ ከታፈነ ደግሞ መጀመሪያ ሄዱን ይጥረጉ። ክሩ የሚነካካት የብረት ቁራጭ ናት። ጥጥና ከ90 በመቶ በላይ የሆነ አልኮል ይበቃታል። መብራት ሲጠፋም ቶሎ «ስቶፕ» ይጫኑ፤ ጎማው ክሩን እንደጨመቀ ከቆየ ምልክት ይተውበታል።

ከሁሉም በላይ የምለምንዎት ይሄን ነው። ልጆቹ «ቤት አሮጌ ካሴት አለ» ብለው ያመጣሉ። አይቀበሏቸው። በ17 ዓመቴ ክራር ስለማመድ በእጄ የገባውን ካሴት አንስቼ ላዩ ላይ ቀዳሁ። የአያቴ ቀረርቶ ነበረበት። ሌላ ቅጂ አልነበረውም። መቅጃው ከመቅዳቱ በፊት መደምሰሻው በክሩ ላይ ያልፋል፤ ከሥር የሚተርፍ ነገር የለም። እናቴ ምንም አላለችኝም። ካሴቱን ግን አልጣለችውም። የእናንተ መቅጃ ደግሞ ይብሳል። አራቱን ትራክ፣ ማለትም የሁለቱንም ገጽ፣ ባንድ አቅጣጫ ስለሚጠቀም፣ አንዱን ገጽ ብቻ የቀዳችሁ ሲመስላችሁ የሌላውን ገጽም ሊደመስስ ይችላል። ስለዚህ በቤት ያለ ማንኛውም የቤተሰብ ካሴት ጀርባው ላይ ግራና ቀኝ ያሉት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ይሰበሩ። ከዚያ ወዲያ መቅጃው እሺ አይልም። ይህን ከመጀመሪያው ቅጂ በፊት ያስተምሯቸው።

ጥያቄ፦ ከአዘዞ ነው የምጽፈው። የአባቴን ድምፅ የያዘ ካሴት ሳጥን ውስጥ አገኘሁ። ክሩ ላይ ነጭ ነጭ ነገር አለ። ላጫውተው?

መልስ፦ እህቴ፣ አሁን አታጫውቺው። ሻጋታ ነው። ወደ ማጫወቻው፣ ከዚያም ወደ ሌሎች ካሴቶች ይተላለፋል። ለብቻው አድርጊና ፀሐይ በማያገኘው፣ ነፋስ በሚገባበት ደረቅ ቦታ አቆዪው። ሲደርቅ አፍና አፍንጫሽን ሸፍነሽ፣ ውጭ ሆነሽ በለስላሳ ብሩሽ ጥረጊው። ካሴቱ በብሎን የታሰረ ከሆነ ተከፍቶ ክሩ ወደ ንጹሕ ቀፎ ሊዛወር ይችላል፤ ግን እጁ የለመደ ሰው ይሥራው። መጀመሪያ በሚጫወትበት ጊዜም ማጫወቻው ከኮምፒውተር ጋር ተገናኝቶ እየገለበጠ ይሁን። ሁለተኛ ዕድል ላይኖር ይችላል።