ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ከሆስፒታል በወጣች በሳምንቷ እግሯ አበጠ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምጽፍልዎ ከደላንታ፣ ወገል ጤና ነው። እናቴ 67 ዓመቷ ነው። ከእርከን ላይ ወድቃ የግራ ዳሌዋ ስለተሰበረ ሆስፒታል ተኝታ ኦፕሬሽን ተደረገላት። እዚያ ሳለች ማታ ማታ ሆዷ ላይ መርፌ ይወጓት ነበር። ለምን እንደሆነ አላወቅንም። ስለሚያቃጥላት ሁለት ሌሊት «ይቅርብኝ» ብላ አስቀርታዋለች። ቤት በገባች በሳምንቷ የግራ ባቷ አበጠ፤ መርገጥም አቃታት። ጎረቤት «ወጌሻ አሸት አሸት ያድርጋት» ቢለንም እኔ ፈርቼ ደሴ መልሼ ወሰድኳት። በአልትራሳውንድ ታይታ «ደም ረግቷል» ተባልን፤ አሁን ዋርፋሪን የሚባል የደም ማቅጠኛ እንክብል እየወሰደች ነው። ሰው ለመዳን ገብቶ እንዴት እዚያው ደሙ ይረጋል? እህቴ ደግሞ በመጪው ወር በኦፕሬሽን እንደምትወልድ ተነግሯታል። በእሷም እንዳይደርስ ምን እናድርግ?

መልስ፦ እናትዎን ይማርልዎ። ከሁሉ አስቀድሜ፣ ያበጠውን እግር ሳያሳሹ ሐኪም ዘንድ ማድረስዎ በጣም ትክክል ነበር። በባትና በጭን ውስጥ ባሉት ጥልቅ ደም መላሽ ሥሮች የረጋ ደም በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሥሩ ግድግዳ ጋር ገና በደንብ አልተጣበቀም። እግሩ ሲታሽ ቁራጩ ሊነቀል ይችላል። ከተነቀለ ከደሙ ጋር ሽቅብ ሄዶ፣ በልብ በኩል አልፎ፣ ሳንባ ውስጥ ይሰነቀራል። ይህ በደቂቃዎች ውስጥ ሰው ሊገድል የሚችል ነገር ነው። ወጌሾቻችን ወለምታና ውልቃት በመመለስ የተመሰገኑ ናቸው፤ ከኦፕሬሽን ወይም ከወሊድ በኋላ በድንገት ያበጠ እግር ግን እጅ ሊነካው አይገባም። ጎረቤቶችዎም ይህን እንዲያውቁት ይንገሩልኝ።

«ለመዳን ገብቶ እንዴት?» ብለዋል። ደም ከእግር ወደ ልብ የሚመለሰው ሽቅብ ነው። በአብዛኛው የሚገፋውም የባት ጡንቻ ነው፤ በተራመድን ቁጥር ጡንቻው እየተኮማተረ ሥሩን ይጨምቀዋል፣ ደሙም ወደ ላይ ይሄዳል። ሰው አልጋ ላይ ሲውል ይህ ግፊት ይቀራል፣ ደሙ እግር ውስጥ ይዘገያል። ጀርመናዊው ሐኪም ሩዶልፍ ቪርኾ በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የረጋ ደም ከእግር ተነሥቶ ሳንባ እንደሚደርስ አሳይቶ ነበር። ዛሬም በስሙ የሚጠሩ ሦስት ምክንያቶችን እንማራለን፤ የደሙ መዘግየት፣ የደም ሥሩ መጎዳት፣ ደሙ ራሱ ለመርጋት መቸኮሉ። በእናትዎ ላይ ሦስቱም ተገናኝተዋል። ስብራቱና ቀዶ ሕክምናው በዙሪያው ያሉትን ሥሮች ነክተዋል። ሰውነት በቆሰለ ጊዜ መድማቱን ለማቆም ደሙን ለመርጋት ያዘጋጀዋል። አልጋው ደግሞ ፍሰቱን አዘግይቶታል። ዕድሜም ይጨመርበታል።

ስለዚህ የደም መርጋት የሚበዛው ሆስፒታል በተኙ ሰዎች ላይ ነው። ከሚታወቁት የደም መርጋት ሕሙማን እስከ 60 በመቶ የሚደርሱት ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ ወይም ከወጡ በኋላ ባሉት 90 ቀናት ውስጥ የታመሙ ናቸው። በተለይ ከዳሌና ከጉልበት ቀዶ ሕክምና በኋላ መከላከያ ካልተሰጠና ሕሙማኑ ሁሉ በምስል ከተፈተሹ፣ ከ10 ሰው ከ4 እስከ 6 በሚሆኑት እግር ውስጥ የረጋ ደም ይገኛል። አብዛኛው ምንም ምልክት ሳያሳይ ይሟሟል። ያልሟሟው ነው የእናትዎን እግር ያሳበጠው፣ ሌላውንም ትንፋሽ የሚያሳጥረው። ኦፕሬሽን ብቻም አይደለም፤ ካንሰር፣ ከባድ ኢንፌክሽን፣ የልብ ድካም፣ ስትሮክ፣ ከዚህ በፊት ደም ረግቶበት የሚያውቅ ሰው፣ ከልክ ያለፈ ውፍረት፣ ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል፣ እነዚህ ሁሉ ከአልጋው ጋር ሲደመሩ አደጋውን ያከብዱታል።

ወደ መርፌው ልምጣ፤ ከደብዳቤዎ በጣም ያሳሰበኝ እሱ ነው። ሆድ ላይ በቆዳ ሥር የሚወጋው ሄፓሪን ወይም ኢኖክሳፓሪን የሚባል የደም ማቅጠኛ ነው፤ የሚሰጠውም ደም እንዳይረጋ ነው። ሄፓሪን በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ ይወጋል፣ ኢኖክሳፓሪን ለመከላከያ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ በቀን አንዴ 40 ሚሊግራም ነው። ሕመምተኛው እንደ ሕመም ማስታገሻ ያየዋል፣ «ዛሬ ደህና ነኝ፣ ይቅርብኝ» ይላል። ነርሷም ሌላ አልጋ ይጠብቃታልና ትታው ትሄዳለች። እናትዎ የረጋባቸው በሁለቱ ሌሊት ምክንያት ነው ልል አልችልም፤ መርፌውን ሳያጓድል የወሰደም ሰው ላይ አልፎ አልፎ ይረጋል። ነገር ግን የመርፌውን ሥራ ቢያውቁ ኖሮ፣ አንዲት ከዳሌ ስብራት ጋር የታገለች እናት ለትንሽ ማቃጠል ብላ ባላስቀረችው ነበር። የመንገሩ ግዴታ የእኛ የባለሙያዎች ነው። ታካሚው ካልተነገረው ግን ዝም ብሎ «ሐኪም ያውቃል» ማለት የለበትም፤ «ይህ መርፌ የምንድን ነው? ባልወስደው ምን ይመጣል?» ብሎ መጠየቅ ንቀት አይደለም። ለሁሉም የሚታዘዝ እንዳልሆነም ይወቁ። የሚደማ ቁስል፣ የደማ ጨጓራ ወይም ጭንቅላት ውስጥ የፈሰሰ ደም ያለበት ሰው ይህን መርፌ ላይወስድ ይችላል፤ ሐኪሙ ሁለቱን ጉዳት አመዛዝኖ ይወስናል።

ሌላው በአስታማሚ እጅ ያለው ነገር ነው። በወሎ ሰው ሲታመም አገር ይጠይቃል። በአንድ ክፍል ውስጥ «አላህ ያሽርሽ» እና «እግዜር ይማርሽ» በአንድ ጊዜ ይሰማል፤ እኔ ይህን ደግነት አልለውጠውም። ግን ሁሉም ጠያቂ ሲወጣ አደራ የሚለው «አይዞሽ፣ እንዳትነሺ፣ ተኝተሽ እረፊ» ነው። ለአብዛኛው ሕመምተኛ የሚበጀው ተቃራኒው ነው። ሐኪሙ ወይም ፊዚዮቴራፒስቱ ከፈቀደ፣ ከቀዶ ሕክምና ማግስት ጀምሮ ደግፋችሁ አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀምጧት፣ ከዚያ አቁሟት፣ ከዚያ እስከ በሩ አስኪዷት። መነሣት ካልተፈቀደላት ተኝታም የምትሠራው አለ። ተረከዟን አልጋው ላይ እንዳሳረፈች የእግሯን ጣቶች ወደ ራሷ ትሳብ፣ ባቷ ሲወጠር ይሰማታል፤ ከዚያ ወደ ታች ትግፋ፣ ቁርጭምጭሚቷንም ታዙር። ነቅታ ባለችበት በየሰዓቱ አሥር አሥር ጊዜ ይበቃል። ጠያቂው ቁጭ ብሎ ሲያወራ አብሯት ሊቆጥርላት ይችላል። አጥሚቱን፣ ሾርባውን፣ ውኃውን ሐኪም በልብ ወይም በኩላሊት ምክንያት ካልከለከለ አታጉድሉባት፤ ውኃ ያነሰው ደም ይወፍራል።

ከሆስፒታል መውጣትም የአደጋው መጨረሻ አይደለም። ከዳሌ ቀዶ ሕክምና በኋላ መከላከያው ቢያንስ ከ10 እስከ 14 ቀን፣ ብዙ ጊዜም እስከ 35 ቀን እንዲቀጥል ይመከራል። ሰው ግን የሚወጣው ከዚያ በፊት ነው። የመውጫ ወረቀት ሲሰጣችሁ «የደም መርጋት መከላከያው እዚህ ያበቃል ወይስ ቤት ይቀጥላል? በምን?» ብላችሁ ሳትጠይቁ በሩን አትለፉ። መንገዱም አለ። ከደሴ ወገል ጤና ድረስ ዳገትና ቁልቁለቱን እግር አጥፎ መቀመጥ ለአዲስ ቁስለኛ ይከብዳል፤ ከአራት ሰዓት በላይ የሚፈጅ ጉዞ ደግሞ ለጤነኛም ሰው የመርጋት አደጋን ይጨምራል። መኪናው በቆመ ቁጥር ደግፎ ማቆም፣ በመሀልም ቁርጭምጭሚትን ማንቀሳቀስ ነው።

ምልክቱን መለየት ለሁላችሁም ያስፈልጋል። አንደኛው እግር ብቻ በቀናት ውስጥ ካበጠ፣ ባት ወይም ጭን ላይ ካመመ፣ ከሞቀ ወይም ከቀላ፣ በዕለቱ መታየት አለበት። በባዶ እግር ከመሄድ የሚመጣው የዝሆኔ እብጠት ግን ቀስ እያለ፣ በዓመታት፣ አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱም እግር ነው የሚመጣው፤ አያምታታችሁ። ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ ሲተነፍሱ የሚወጋ የደረት ሕመም፣ የልብ መምታት መፍጠን፣ ደም የቀላቀለ አክታ፣ ራስን መሳት ከታየ የረጋው ደም ሳንባ ደርሷል ብላችሁ አስቡ። እኛ ዘንድ ይህንን «ብርድ ነው»፣ «ውጋት ነው»፣ «ምች መታት» ብሎ ማሳደር ይቀናናል። በቅርቡ ሆስፒታል ተኝቶ የነበረ ወይም የወለደች ሰው እንዲህ ከሆነ እስኪነጋ አይጠበቅም፤ የወረዳውን አምቡላንስ ጥሩ።

አሁን ስለ ዋርፋሪኑ። በግልጽ ምክንያት፣ ለምሳሌ እንደ እናትዎ ከቀዶ ሕክምና በኋላ፣ ለረጋ ደም ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ 3 ወር ነው። እብጠቱ ጎደለ ብለው በራሳቸው እንዳያቋርጡ። መጠኑ የሚስተካከለው አይኤንአር በሚባል የደም ምርመራ ሲሆን ውጤቱ በ2 እና በ3 መካከል መሆን አለበት። ከዚያ ሲያንስ ደሙ ይረጋል፣ ሲበዛ ይደማል። ምርመራው በየጤና ጣቢያው ስለማይገኝ ደሴ መመላለሱ ሊከብዳችሁ እንደሚችል አውቃለሁ፤ ግን ዋርፋሪን ያለ ምርመራ መውሰድ አደገኛ ነው። መመላለስ ካልቻላችሁ ለሐኪማችሁ በግልጽ ንገሩ። ሪቫሮክሳባን የሚባል በየጊዜው አይኤንአር የማይጠይቅ እንክብል አለ፤ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ኩላሊታቸውም መታየት አለበት፣ ነገር ግን ከመጓጓዣው ጋር ሲሰላ ለአንዳንድ ቤተሰብ ይሻላል።

ጎመንና ቆስጣ አይከለከሉም፤ የሚያስቸግረው ሳምንቱን ሙሉ ሳይበሉ ከርሞ በጾም ጊዜ በየቀኑ መብላት ነው። ውስጡ ያለው ቫይታሚን ኬ የዋርፋሪኑን ሥራ ይቀንሰዋልና መጠኑን እኩል አድርጉት። ለስብራቱ ሕመም ብላችሁ ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን ወይም አስፕሪን ከፋርማሲ አትግዙላቸው፤ ያደማቸዋል። ፓራሲታሞል ይሻላል፣ እሱም ለብዙ ቀን የሚወሰድ ከሆነ ለሐኪሙ ይነገር። የባህል መድኃኒትም ሳያማክሩ አይጨመር። ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ፣ ሽንታቸው ከቀላ ወይም ድዳቸው መድማቱን ካላቆመ፣ ወይም ወድቀው ጭንቅላታቸውን ከመቱ ወዲያው ሐኪም ይያቸው።

እህትዎ። እርግዝና በራሱ ደምን ለመርጋት ያዘጋጃል፤ ተፈጥሮ እናት በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም እንዳትፈስስ ስለሠራችው ነው። አደጋው ግን ከእርግዝናው ይልቅ ከወለደች በኋላ ባሉት 6 ሳምንታት ይብሳል። በኦፕሬሽን ስትወልድ ደግሞ በምጥ ከመውለድ ጋር ሲነጻጸር ወደ 4 እጥፍ ይጠጋል። ያ ጊዜ የእኛ አራስ ቤት ነው፤ አርባው ቀን። ወላድ ትታረስ፣ ገንፎዋን ትብላ፣ ከከባድ ሥራ ትረፍ፣ ይህን እኔም እደግፋለሁ። መታረስ ማለት ግን ቀኑን ሙሉ መጋረጃ ውስጥ ተኝቶ መዋል አይሁን። ከኦፕሬሽኑ በኋላ በመጀመሪያው ቀን ትነሣ፣ ቤት ስትገባም ልጇን ይዛ በቀን ብዙ ጊዜ ቤት ውስጥ ትመላለስ። እግሯ ካበጠ «የአራስ ነው» አይባል፤ ሁለቱም እግር በመጠኑ ማበጡ ከወሊድ በኋላ የተለመደ ቢሆንም አንዱ ብቻ ካበጠ ወይም ካመማት መታየት አለበት። ሄፓሪን ካስፈለጋት ወደ ፅንሱ አያልፍም፣ ጡት ማጥባትም አይከለክልም። ዋርፋሪን ግን በእርግዝና ጊዜ ፅንሱን ሊጎዳ ስለሚችል የእናቷን እንክብል በምንም ምክንያት እንዳትነካ፤ ቤት ውስጥ ለብቻው ይቀመጥ።

በዚህ ወር ወደ እርግዝና ክትትሏም አብራችሁ ሂዱ። እናትዎ ከቀዶ ሕክምና በኋላ ደም እንደረጋባቸው ለአዋላጇም ለሐኪሙም ትንገር፣ ካርዷ ላይ መጻፉንም በዓይኗ አይታ ትመለስ። ለምትተኛበት ቀን መከላከያ መርፌ ያስፈልጋት ወይም አያስፈልጋት ሐኪሙ ሲወስን ይህንንም ከሌሎች ምክንያቶች ጋር ያየዋል።