ኡቡንቱ ላይ አማርኛ አልጻፍ ሲል

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሸኖ የማስተምር መምህርት ነኝ። ወንድሜ አሮጌው ላፕቶፔ ላይ በዊንዶውስ ፈንታ ኡቡንቱ የሚባለውን ነፃ ሲስተም ጫነልኝ። ፍጥነቱ ደስ ብሎኛል። ግን ፈተና በአማርኛ መጻፍ አቃተኝ። የሞባይል ዳታዬንም ሳላውቀው ይጨርስብኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ኡቡንቱ አማርኛ ይጽፋል፤ ትንሽ ነገር መጨመር ብቻ ነው የቀረሽ። መጀመሪያ አይባስ ኤም 17 ኤን (ibus-m17n) የሚባለውን የማስጻፊያ ፓኬጅ (ፕሮግራም) ጫኚ። ከዚያ ሎግ አውት ብለሽ ተመልሰሽ ግቢ። እኔ ይህቺን ረስቼ ደብረ ብርሃን ብርድ ላይ ጣቴ እስኪደነዝዝ አንድ ሙሉ ምሽት ፈጅቻለሁ! ስትመለሺ ሴቲንግ ውስጥ ኪቦርድ የሚለውን ክፈቺና አማርኛን ጨምሪ፤ ሴራ (sera) የሚል የአጻጻፍ ስልት ታገኛለሽ፣ እሱን ምረጪ። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ለመቀየር የዊንዶውስ ምልክት ያለባትን ቁልፍ ይዘሽ ስፔስ መምታት ነው።

አጻጻፉ እንደ ድምፁ ነው። ኤስ (s) እና ኢን (e) ስትመቺ ሰ ይወጣል። ኤል (l) እና ኤ (a) ላ፣ ኤም (m) ብቻዋን ም። ሰላም አልሽ ማለት ነው። ጥ ስትፈልጊ ሺፍት ይዘሽ ቲን (t) ምቺ። ሁለት ቀን ያናድድሻል፣ ከዚያ እጅሽ ራሱ ይሄዳል።

ዳታሽን የሚበላው በራሱ የሚወርደው አፕዴት ሳይሆን አይቀርም። ዋይፋይ ሴቲንግ ውስጥ ከስልክሽ ሆትስፖት ስም አጠገብ ያለችውን ባለ ጥርስ ክብ (የጊር) ምልክት ንኪና፣ መስመሩ የዳታ ገደብ እንዳለው የሚያሳውቀውን ምርጫ አብሪ። አብዛኛውን አፕዴት በራሱ ማውረዱን ይተዋል። ግን ጨርሰሽ እንዳትረሺው፤ ትምህርት ቤት ዋይፋይ ካለ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ አፕዴት አድርጊው።