የሲልቬስትር የቬርሳይ ሥዕሎች ይታመናሉ ወይ? (መልስ)

ወንድሜ፣ «እስራኤል ሲልቬስትር የሠራቸው የቬርሳይ ቤተ መንግሥት ሕትመቶች ቦታውን በትክክል ያሳያሉ ወይስ ንጉሡን ለማስደሰት የተጋነኑ ናቸው?» ላልከው፣ ማጋነኑ አለ፤ እኔ ግን እንደ ምስክር አምናቸዋለሁ።

ሰውየው እ.ኤ.አ. ከ1663 ጀምሮ የፈረንሳዩ ንጉሥ የሉዊ 14ኛ ሠዓሊ ነበር። ሕትመቱ የሚሠራው እንዲህ ነው፦ የመዳብ ሳህን ሰም መሰል ቅብ ይቀባል፤ በመርፌ ሲጫር ቅቡ ይነሳል፣ አሲዱም የተጫረውን ብቻ ይበላዋል። ከዚያ ቀለም ገብቶበት ወረቀት ላይ ይታተማል። መርፌው ቅቡ ላይ እንደ እርሳስ ስለሚሄድ ቅጠሉም የፏፏቴው ፍንጣቂም ሕይወት አለው።

የምትጠነቀቀው ከፊት የቆሙትን ጥቃቅን ሰዎች ነው። ሰው ትንሽ ሆኖ በተሳለ ቁጥር ግቢው ሰፊ ይመስላልና ልኬት ከነሱ አትውሰድ። የሕንፃውን መስኮቶች ግን ቁጠራቸው።

በ1664 የተደረገውን ትልቅ የንጉሥ ድግስ የሚያሳዩትን ተመልከት፤ ቬርሳይ ገና የአባቱ ትንሽ የአደን ቤት ነበር፣ የዝነኛው የመስታወት አዳራሹ ሥራ የተጀመረው በ1678 ነው። በአትክልት ስፍራው የነበረው ሰው ሠራሽ የቴቲስ ዋሻም በ1684 ፈርሷል፤ ዛሬ ውስጡን የምናየው እንደ ሲልቬስትር ሕትመት የሚሠሩት ዣን ለ ፖትርና ጓደኞቹ መዳብ ላይ ስላስቀሩልን ነው። ይህ ሁልጊዜ ልቤን ይነካዋል።