ቡችላ ትምህርት ቤት ይገባል እንዴ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ግቢ እንዲጠብቅልኝ ብዬ የሁለት ወር ቡችላ አምጥቻለሁ። አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ የእሱን ቡችላ ከፍሎ ሥልጠና አስገብቶታል፤ «ከእኩዮቹና ከሰው ጋር ይለማመዳል» ይላል። ባለቤቴ ሰምቶ ሳቀ። ጎረቤታችን ደግሞ «ሰው ካየ ለማዳ ይሆንብሻል፤ ጨለማ ቤት ቆልፈሽ አሳድጊው» አሉኝ። እኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ሥልጠና የለም። ማንን ልስማ? ወንድሜ ለፋሲካ ውሻውን ይዞ ይመጣል፤ ይጣሉ ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ወንድምሽን ስሚ። ባለቤትሽ ይሳቅ፣ ግድ የለም።

ብዙ ዓመት የክትባት መርፌ ይዤ ሰፈር ለሰፈር የዞርኩ ሰው ነኝ። ጨለማ ቤት ያደገ ውሻ ለመከተብ ገመድ የያዙ ጎረምሶች ያስፈልጋሉ። የሚናከሰው ስለሚፈራ ነው። የሚፈራ ውሻ ደግሞ ሌባና የጎረቤት ልጅ አይለይም፤ ኳስ ልታወጣ የገባችውን ሕፃን ይዘነጥላታል። ሰው የለመደው ግን በበር የገባውንና አጥር የዘለለውን ያውቃል። ጥበቃው ሲጎረምስ ራሱ ይመጣል። ጅብ ሲመጣ ጩህ ብሎ ማንም አያስተምረውም።

ዋናው ነገር ጊዜው ነው። ቡችላ አዲስ ነገር ብዙም ሳይፈራ የሚቀበለው በግምት ከ3ኛው እስከ 14ኛው ሳምንት ድረስ ነው። ያንቺ 8ኛውን ይዟል። ከዚያ በኋላም ይማራል፤ ድካሙ ግን ይበዛል።

ወንድምሽ የከፈለው «ተቀመጥ» ለማለት ብቻ ከሆነ እቤቱም ይችል ነበር። የሥልጠናው ጥቅም ሌላ ነው። ቡችሎች ሲታገሉ አንዱ ጠንከር አድርጎ ከነከሰ ሌላው ይጮህና ጨዋታውን ትቶ ይሄዳል። ነካሹ ብቻውን ይቀራል። ይህ ሲደጋገም ጥርሱን መቆጠብ ይለምዳል። እዚያው የማያውቃቸው ሰዎች ጆሮውን ያያሉ፣ አፉን ይከፍታሉ፣ እግሩን ያነሳሉ። ባለቤቱም ሳይመታ ማዘዝ ይማራል፤ እንደ እኔ እንደ እኔ ግማሹ ሥልጠና ለሰውዬው ነው። አሠልጣኙ የሚመታ ወይም በሰንሰለት የሚያንቅ ከሆነ ግን ወንድምሽ ገንዘቡን ትቶ ቡችላውን ይዞ ይውጣ።

አንቺ ሥልጠናውን እዚያው አዘጋጂው። የተከተበ ቡችላ ያለው ጎረቤት ፈልጊና ግቢሽ ውስጥ አጫውቷቸው። ክትባቱ ከ6ኛው እስከ 8ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ተጀምሮ በየጥቂት ሳምንቱ እስከ 16ኛው ሳምንት ይደገማል። አየሽ፣ እሱ እስኪያልቅ ከጠበቅሽ ጊዜው አመለጠሽ። እስከዚያ መንገድ ላይ አታውርጂው፤ የሰፈር ውሾች የሚውሉበት መሬት ፓርቮ የሚባለውን በሽታ ያስይዘዋል። በጋቢ ሸፍነሽ ታቅፈሽው ውጪ፤ የደብረ ብርሃንን ብርድ አልነግርሽም። በገበያ ቀን ዳር ላይ ቆመሽ ባጃጁን፣ አህያውን፣ በጉን ይይ። በተለይ በርኖስ ለብሶ ዱላ የያዘ ገበሬ ይይ። ግቢ ውስጥ ብቻ ያደገ ውሻ በእኛ አገር መጀመሪያ የሚጮኸው በርኖስ ላይ ነው። ዣንጥላ የያዙ ቄስም አይቀርላቸውም። አዲስ ነገር ባየ ቁጥር ሽምብራ የምታህል ሳንባ አጉርሺው። መብላት እምቢ ካለ ወይም ጭራውን ከወሸቀ በጣም ቀርበሻልና ራቅ በይ። አታስገድጂው።

ሳንባ ስል በደንብ የተቀቀለውን ነው። የበግ ሳንባና ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት አይተሽ ታውቂ ይሆናል። ውሻ ጥሬውን ከበላው ከረጢቱ ውስጥ ያለው ትል ሆዱ ውስጥ ያድግና እንቁላሉ ወደ ሰው ይዞራል። በዓል በመጣ ቁጥር ይህንን አጥር ላይ ለውሻ የሚወረውሩ ሰዎች ደሜን ያፈሉታል።

የእብድ ውሻ ክትባት 3 ወር ሲሞላው አስከትቢው፤ የትኛውም ሥልጠና ይህን አይተካም። ጎረቤትሽ «ጆሮውንም ቁረጪው» ካሉሽ እምቢ በይ። ያሳምመዋል እንጂ ኃይለኛ አያደርገውም።

ለፋሲካው አትስጊ። ያንቺው ክትባቱን ጨርሶ ከሆነ ከግቢ ውጭ በማሰሪያ ይዛችሁ ጎን ለጎን አራምዷቸው፤ ከዚያ አብረው ይግቡ። ካልጨረሰ ግቢው ሰፊ ቦታ ላይ አገናኟቸው። ምግባቸውን ለየብቻ ስጧቸው፤ በጉ ከታረደ በኋላ አጥንት መሃላቸው እንዳትጥሉ። ወንድምሽም የክትባት ካርዱን ይዞ ይምጣ።