የሕግ ምክር፦ በቀበሌ ደብዳቤ የተያዘ የመኪና ማቆሚያ

ጥያቄ፦ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ የግል ቤት አለኝ። ከ15 ዓመት በላይ መኪናዬን ከቤቴ ፊት አስፋልት ዳር ሳቆም ኖሬያለሁ፤ ቀበሌም በ2009 ዓ.ም. ደብዳቤ ጽፎልኛል። ዘንድሮ ግን በማኅበር የተደራጁ የፓርኪንግ ወጣቶች መጥተው በየወሩ ክፈል አሉኝ። እምቢ ስል ቦታውን ለሌላ መኪና ሰጡት፣ ያስቀመጥኩትንም አነሱብኝ። ደብዳቤዬን ይዤ ከተማ አስተዳደሩን መክሰስ እችላለሁ?

መልስ፦ መክሰስ ማንም አይከለክልዎትም። በዚያ ደብዳቤ ግን የሚረቱ አይመስለኝም፤ ለምን እንደሆነ ከታች አስረዳለሁ። ከዚያ በፊት ያልነገሩኝን ሁለት ነገር ላንሳ።

«ያስቀመጥኩትን አነሱብኝ» ብለው አልፈዋል። ያስቀመጡት ምን ነበር? ድንጋይ? አሮጌ ጎማ? ወይስ በሲሚንቶ የተተከለ ብረትና ሰንሰለት? ጌታዬ፣ ይህን ሲጽፉ የዘለሉት ሳያስቡት አይመስለኝም። መንገድ ላይ መሰናክል ማኖር ራሱ ጥፋት ነው። ማታ መብራት ሲጠፋ አንድ እግረኛ በሰንሰለቱ ተጠልፎ ቢወድቅ፣ ባጃጅም ቢጋጭበት፣ በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2028 መሠረት ካሣ የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት። አሁንም የቀረ ነገር ካለ ዛሬውኑ ያንሱት። ወጣቶቹ ስላነሱት ክስ አቀርባለሁ ካሉ ደግሞ ዳኛው አስቀድሞ የሚጠይቅዎ «ማን ፈቅዶልህ አስቀመጥክ?» ብሎ ነው።

ሁለተኛው ከዚህ ይብሳል። የግል ቤት አለኝ ብለዋል፤ መኪናው ታዲያ ለምን ውጭ ያድራል? በፒያሳ ዙሪያ አስፋልት ዳር ያሉ ቤቶች ነገር የታወቀ ነው፤ የመኪናው በር ተዘግቶ ጋራዡ ሱቅ ሆኖ ይከራያል፣ መኪናው ወደ መንገድ ይወጣል። የእርስዎም እንዲህ ከሆነ ክስ ከመክፈትዎ በፊት የጸደቀውን የቤት ፕላንዎን ይዩ። ፕላኑ ላይ «ጋራዥ» ተብሎ የተሰመረው ክፍል ያለ ፈቃድ ወደ ንግድ ቤት ተለውጦ ከተገኘ፣ ከሳሽ ሆነው ገብተው የግንባታ ፈቃድና የኪራይ ገቢ ግብር ጥያቄ ተሸክመው ይወጣሉ። የከተማው ነገረ ፈጅ ፋይልዎን ማስወጣቱ አይቀርም።

አሁን ወደ ደብዳቤው። ደንበኞች በተደጋጋሚ የሚወድቁበት ጉድጓድ ይህ ነው፤ ስለዚህ ቆም ብዬ ላስረዳ።

እንዲህ ያለ ደብዳቤ የሚወጣው በአንድ ዓይነት መንገድ ነው። ነዋሪው ማመልከቻ ያስገባል፣ ኃላፊው ጥግ ላይ «ይጻፍለት» ብሎ ይመራል፣ ጸሐፊዋ ትተይባለች። አናቱ ላይ «ለሚመለከተው ሁሉ»፣ መሐሉ ላይ «ግለሰቡ የቀበሌያችን ነዋሪ መሆናቸውን እየገለጽን አስፈላጊው ትብብር እንዲደረግላቸው እንጠይቃለን»፣ ግርጌው ላይ ፊርማ፣ ቲተርና ክብ ማኅተም። ባለቤቱ ማኅተሙን አይቶ ፈቃድ ያዝኩ ይላል። ወረቀቱ ግን ነዋሪነትዎን ይመሰክራል፣ ሌላውን አካል ይለምንልዎታል፤ ከዚያ ያለፈ ነገር የለውም። ቀበሌ በሕግ ያልተሰጠውን ሥልጣን በማኅተም አያገኘውም።

ደብዳቤዎን አውጥተው ይመርምሩት። የትኛውን አዋጅ፣ ደንብ ወይም መመሪያ ይጠቅሳል? የሰሌዳ ቁጥርዎ ተጽፎበታል? ከየት እስከ የት እንደሚያቆሙ፣ መቼ እንደሚያበቃ ይላል? ለዚህ ተብሎ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ገቢ የሆነ ገንዘብ፣ የገቢ ደረሰኝስ አለ? ለእነዚህ መልሱ «የለም» ከሆነ በእጅዎ ያለው የትብብር ደብዳቤ ነው። ጻፈልኝ የሚሉት ኃላፊም ዛሬ ሌላ ቦታ ተዛውሮ ሊሆን ይችላል፤ ተተኪው «አላውቀውም» ቢል ምን ያደርጋሉ?

ደብዳቤው እውነተኛ ፈቃድ ቢሆንስ? ያን ጊዜም የመንገዱ ባለቤት አያደርግዎትም። የነዋሪ ማቆሚያ ፈቃድ በሥርዓት በሚሰጥበት በለንደን እንኳ ባለ ፈቃዱ በቀጣናው ውስጥ ክፍት ቦታ ካገኘ ያቆማል እንጂ ከበሩ ፊት የተጠበቀ ቦታ የለውም። እኛም ዘንድ የጥምቀት ሰሞን ወደ ፋሲል መዋኛ የሚወስዱት መንገዶች ሲዘጉ «ፈቃድ አለኝ» ብሎ የሚከራከር ሰው አይሰማም።

«ከ15 ዓመት በላይ» የሚለውን ያለ ምክንያት የጻፉት አይመስለኝም። ራፖር ጸሐፊው ቁጥር 1168ን ጠቅሶልዎት ይሆናል። ያ ድንጋጌ ባለቤትነት የሚሰጠው የማይንቀሳቀስ ንብረት ይዞ ለ15 ተከታታይ ዓመታት ግብር ለከፈለ ሰው ነው። እርስዎ ለአስፋልቱ ግብር ከፍለዋል? ቢከፍሉም ቁጥር 1446 ጎዳናና መንገድን ለሕዝብ አገልግሎት ከተመደበ የመንግሥት ሀብት ይቆጥራል፤ ቁጥር 1455 ደግሞ እንዲህ ያለ ሀብት በይርጋ፣ ማለትም በጊዜ ብዛት፣ አይገኝም ይላል። 50 ዓመት ቢያቆሙም ያው ነው። በቁጥር 1149 «ሁከት ይወገድልኝ» ብሎ፣ በይዞታዬ ጣልቃ የገባብኝ ሰው ይከልከልልኝ ማለትም አያዋጣም፤ ሁከት የሚወገደው ለባለይዞታ ነው፣ መንገዱ ደግሞ ይዞታዎ አይደለም። የዳኝነት ከፍለው፣ ተረትተው፣ የተከሳሽን ወጪና ኪሳራ ጨምረው ይመለሳሉ።

ታዲያ ምንም መብት የለኝም ወይ ካሉ፣ አለዎት፤ ግን የጠየቁት ላይ አይደለም። የመኪና መግቢያ በርዎ ክፍት ከሆነና የሚጠቀሙበት ከሆነ ማንም ሰው በሩን ዘግቶ እንዳያቆም መጠየቅ ይችላሉ፤ የማቆም ክልከላ ምልክት እንዲተከልልዎ በጽሑፍ ያመልክቱ። በሩ ሱቅ ከሆነ ግን ይህን መብት በኪራይ ለውጠውታል።

በወጣቶቹም በኩል የሚጠየቅ ነገር አለ። ማኅበሩ ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር የገባው ውል የእርስዎን መንገድ ያካትታል? ሰዓቱ የቀን ብቻ ነው ወይስ ሌሊትንም ይጨምራል? ታሪፉን ያጸደቀው አካል ማን ነው? ሕጋዊ ደረሰኝ ይሰጣሉ? ወርኃዊ ክፍያው የማቆሚያ ነው ወይስ የሌሊት ጥበቃ? የጥበቃ ከሆነ አገልግሎቱን ካልፈለጉ በግድ የሚያስከፍልዎት ምክንያት አይታየኝም። ከልጆቹ ጋር ግን አይጣሉ፣ መኪናቸውንም ሆነ የሌላውን አይንኩ፤ ጎማ ያስተነፈሰ ሰው በወንጀል ተከሶ ማቆሚያውን ይረሳዋል። ከከፈሉ ደረሰኝ ይዘው ይክፈሉ፣ ጀርባው ላይ ቀኑን ይጻፉ።

ቀጥሎ የይዞታ ካርታዎን፣ የጸደቀውን ፕላን፣ ሊብሬውን፣ የ2009ኙን ደብዳቤ ኮፒ፣ ደረሰኞችን፣ ካለም የሱቁን የኪራይ ውል በአንድ ፎልደር ይሰብስቡ። የውሉንና የታሪፉን ኮፒ የሚጠይቅ ማመልከቻ በሁለት ቅጂ ለከተማ አስተዳደሩ ይጻፉ፣ አንዱን መዝገብ ቤት ገቢ ያድርጉ፣ በሚቀርዎት ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስመትተው ይመለሱ። በቃል ተጠይቆ በቃል የተመለሰ ነገር የትም አይቆጠርም። መልስ ከነፈጉዎት ባሕር ዳር ቅርንጫፍ ያለው የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤቱታ ይቀበላል፤ ገንዘብ አይጠይቅም። መኪናዎ ላይ ጉዳት ደርሶ ከሆነ የካሣ ክስ በቁጥር 2143 መሠረት በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ይህን ቀን አያሳልፉ።

ይህን የመለስኩት የጻፉልኝን ብቻ ይዤ ነው። ፎልደሩን ይዘው፣ የጋራዡንም ነገር ሳይደብቁ፣ ጎንደር ካለ ጠበቃ ጋር ፊት ለፊት ይቀመጡ። አንድም ወረቀት ሳይፈርሙ፣ አንድም ክስ ሳይከፍቱ።