ትዕዛዝ የሚቀበል ሠዓሊ ምኑን ይስማ፣ ምኑን አይስማ?

ጥያቄ፦ ከፎቶግራፍ እያየሁ በዘይት ቀለም ፖርትሬት እሠራለሁ፤ ትዕዛዝም መምጣት ጀምሯል። ነገር ግን አንዱ «ቀላ አድርገኝ»፣ ሌላው «የዛሬ ዐሥር ዓመት የነበረኝን መልክ አውጣልኝ» ይለኛል። እውነተኛውን መልክ የሚከተል ሠዓሊ እንዴት ይሠለጥናል? ከአዛዦቹስ ጋር እንዴት ይስማማል? (አንባቢ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ለሥልጠናው የአሜሪካዊውን የፖርትሬት ሠዓሊ የጆን ሲንገር ሳርጀንትን መንገድ ቢመለከቱ ይጠቅምዎታል። ሳርጀንት እ.ኤ.አ. በ1874፣ በ18 ዓመቱ፣ ፓሪስ ውስጥ ወደ ሠዓሊው ካሮሉስ-ዱራን ስቱዲዮ ለትምህርት ገባ። መምህሩ የስፔኑን ሠዓሊ ቬላስኬዝን አርአያ በማድረግ፣ ተማሪዎቹ በቀጥታ በብሩሽ እንዲጀምሩና ከሁሉ አስቀድመው በብርሃንና በጥላ መካከል ያለውን መካከለኛ ቀለም በሰፋፊው እንዲያስቀምጡ ያስተምር ነበር፤ ሳርጀንት ግን በዚያው ጊዜ በፈረንሳይ መንግሥት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ንድፍ ይማር ስለ ነበር፣ የብሩሹ ድፍረት የንድፍን ልምምድ አላስቀረለትም። በኋላም ሸራውን ከተቀማጩ (ሊሣል ከተቀመጠው ሰው) አጠገብ አቁሞ፣ ሁለቱንም ከሩቅ እያስተያየ፣ ቀርቦ ቀለም ያሳርፍና ተመልሶ ይርቅ ነበር፤ ጭንቅላቱ ካልሆነለት ከመጠጋገን ይልቅ ፍቆ እንደገና ይጀምረዋል። ፎቶግራፍ ይህን ርቀት ስለማይሰጥዎ፣ ቢያንስ በሳምንት አንድ ቀን ቤተሰብዎን በመስኮት ብርሃን አስቀምጠው ይሥሩ።

«ቀላ አድርገኝ» ለሚለው አዛዥ ቶሎ አይቀየሙ። ብዙ ጀማሪዎች የጠይም ፊትን ጥላ በጥቁር ቀለም ስለሚያጨልሙት ቆዳው አመድ የነፋበት ይመስላል፤ ሰውዬው ስሙን ባያውቀውም ያየው ጉድለት ይህ ሊሆን ይችላል። ጥላውን ከተቃጠለ ሲየና (ቀላ ካለ ቡናማ) እና ከአልትራማሪን (ከደማቅ ሰማያዊ) ቀላቅለው ሞቅ ያድርጉት፣ ተቀማጩንም ወደ መስኮቱ ያስጠጉት፤ መልኩ ሳይዋሽ ይፈካል። ከዚህ በኋላም የሌላ ሰው ቆዳ ከጠየቀዎ፣ በእኔ እምነት ትዕዛዙን መመለስ ይሻላል።

አዛዥ የሚወስነው ልብሱን፣ የሸራውን መጠን፣ ዋጋውንና የማስረከቢያውን ቀን ነው፤ ብርሃኑና አቀማመጡ የሠዓሊው ድርሻ ይሁን። ይህንና ስንት ጊዜ እንደሚቀመጥ ቀብድ ከመቀበልዎ በፊት በጽሑፍ ይስማሙ። ሳርጀንት እንኳ ማንም ሳያዝዘው የሠራው የአንዲት ሴት ፖርትሬት፣ «ማዳም ኤክስ»፣ በ1884 ፓሪስን ስላስቆጣ፣ ከትከሻዋ የወረደውን የቀሚስ ማንገቻ በኋላ መልሶ ሥሎታል፤ የፈረንሳይ ትዕዛዝም ቀዝቅዞበት ወደ ለንደን ተሻገረ። ዝናው በገነነበት በ1907 ገደማ ደግሞ የዘይት ፖርትሬት ትዕዛዝ መቀበልን ከሞላ ጎደል ትቶ፣ ለሚለምኑት በአንድ መቀመጥ የሚያልቅ የከሰል ንድፍ ይሠራላቸው ጀመር። እርስዎም ሸራ ለመግዛት አቅም ለሌለው አዛዥ እንዲህ ያለውን አማራጭ ቢያቀርቡለት መልካም ነው።

የዐሥር ዓመት በፊቱን መልክ የሚሻው ሰው ግን የዚያን ጊዜ ፎቶግራፍ ያምጣ፤ ሥራውም ከፎቶ የሚገለበጥ መሆኑን አስቀድመው ይንገሩት። የዛሬውን ፊት ከአሮጌው ፎቶ ጋር አይቀላቅሉ፤ የሁለቱ ብርሃን ከተለያየ አቅጣጫ ስለሚመጣ አፍንጫው ብቻውን ይመሰክርብዎታል።