የአያት ቀሚስ ሙዚየም ገብቶ ሲቀር

ጥያቄ፦ የምንኖረው አሜሪካ፣ ሳውዝ ዳኮታ ውስጥ ራፒድ ሲቲ ነው። ባለቤቴ ላኮታ ከሚባለው የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ናት፣ ፓይን ሪጅ የሚባለው የላኮታዎች ክልል ልጅ። አያቷ ከእናታቸው የወረሱት የአጋዘን ቆዳ ቀሚስ ነበራቸው፤ ትከሻውና ደረቱ በሰማያዊ ዶቃ የተሞላ። አያቷ ካረፉ በኋላ አክስቷ እ.ኤ.አ. በ1978 ለአንድ ሙዚየም ሰጡት። አሁን እሳቸውም የሉም። ልጃችን ለምረቃዋ እንድትለብሰው እንፈልጋለን። የፌዴራል ሕግ አለ ሲባል ሰምተናል። ማስመለስ እንችላለን?

መልስ፦ ሕጉ አለ፤ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው። የፌዴራል ገንዘብ የሚያገኙ ሙዚየሞች የነባር ሕዝቦችን አጽም፣ የመቃብር ዕቃ፣ ንዋየ ቅድሳትና የጋራ ቅርስ እንዲመልሱ ያስገድዳል። የእናንተ ጉዳይ ግን በእሱ የሚያልቅ አይመስለኝም።

የጋራ ቅርስ የሚባለው ማንም ግለሰብ ሊሰጠው የማይችለው ነገር ነው። ታቦትን ያስቡ፤ ቄሱ ቢሸጠውም ሽያጩ አይጸናም። የአያት ቀሚስ ግን እንደ እኛ እናቶች ጥበብ ቀሚስ ነው፤ ባለቤት አለው፣ ከእናት ለልጅ ይወርዳል። ደግሞም «የጎሳው ቅርስ ነው» ብላችሁ ብታሸንፉ፣ የሚመለሰው ለጎሳው እንጂ ለልጃችሁ አይደለም።

ስለዚህ ዋናው ነገር አክስትየው የፈረሙት ወረቀት ነው። ስጦታ ነው ወይስ ውሰት? ባለቤትዎ የወረቀቱን ቅጂና የቀሚሱን መለያ ቁጥር በጽሑፍ ይጠይቁ። በብዙ የአሜሪካ ሙዚየሞች በውሰት የገባ ዕቃ ቁጥሩ ላይ «ኤል» የምትል ፊደል አለች። እሷን ካያችሁ ደስ ይበላችሁ።

ውሰት ከሆነ ቀሚሱ የወራሾች ነው። ግን አትዘግዩ። ብዙ ክፍለ ግዛቶች፣ አዋሹ ለዓመታት ካልተገኘ ሙዚየሙ ማስታወቂያ አውጥቶ ዕቃውን የራሱ እንዲያደርግ ይፈቅዳሉ። «መልሱ» የሚል የቁጣ ደብዳቤም ያለ ጠበቃ አይላክ። ሙዚየሙ እምቢ ካለ፣ ይርጋው (የክስ ማቅረቢያው የጊዜ ገደብ) ከዚያ ቀን ሊቆጠር ይችላል።

ስጦታ ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። አያትየው ሌሎች ልጆች ከነበሯቸው፣ አክስትየው የእነሱን ድርሻ የመስጠት መብት አልነበራቸውም ብሎ መከራከር ይቻላል። ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ግን እውነቱን ልንገራችሁ፣ ጠባብ በር ነው።

እኔ ብሆን በልመና እጀምር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2022 ማሳቹሴትስ ውስጥ ባሬ በምትባል ከተማ ያለ ትንሽ ሙዚየም፣ ሕጉ ሳያስገድደው 150 ያህል ዕቃዎችን ለላኮታዎች መልሷል። ቢያንስ ለምረቃው ቀን እንዲያውሷችሁ ጠይቁ።

ሳትጠይቁ ግን እንዳታለብሷት! ሙዚየሞች ድሮ ቆዳን ከብል ለመጠበቅ አርሴኒክ የሚባል መርዝ ይነሰንሱበት ነበር። የምርመራ ውጤት ይጠይቁ። ቀሚሱ ላይ የንስር ላባ ካለም፣ የምትረከበው ባለቤትዎ ትሁን። የጎሳው አባል ከሆነች የንስር ላባን የሚመለከተው ሕግ ይፈቅድላታል፤ እርስዎን አይፈቅድልዎትም።